ቁልፍ ወይስ ስክሪን? ከአዲስ አበባ ዳር ለምትነዱ የዳሽቦርድ ምርጫ መመሪያ

መኪና ሊገዛ የሄደን ሰው መጀመሪያ የሚያሳዩት ስክሪኑን ነው። ሻጩ በሩን ይከፍታል፣ ያስቀምጠዋል፣ ስክሪኑን ያበራል። ካሜራው ያምራል። ድምፁ ያምራል። የውስጥ መብራቱ ቀለም ይቀያይራል። የመስታወት እንፋሎት ማጥፊያው የት እንዳለ የሚጠይቅ ገዢ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው የሚነሳው ሐምሌ ላይ ነው፤ ጠዋት ከሱሉልታ ወደ ከተማ ሲወረድ፣ ጉሙ ከውጭ፣ እንፋሎቱ ከውስጥ መስታወቱን ሲይዘው።

ጉዳዩ አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚገባው የቤት መኪና ኤሌክትሪክ ሆኗል። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትልቅ ስክሪን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዛሬ ቤንዚን ወይስ ባትሪ ብሎ የሚመርጥ ሰው፣ ሳያስበው በጣት የሚጫን ቁልፍ ወይስ ስክሪን የሚለውንም አብሮ እየመረጠ ነው።

የምጽፈው ዳር ላይ ለምንኖር ነው። ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ዱከም። መሀል ከተማ በመንገድ መጨናነቅ ተይዞ የቆመ ሰው ስክሪን ለመነካካት ጊዜ አለው። የእኛ መንገድ ግን ግማሹ ፈጣን አስፋልት፣ ግማሹ ኮረኮንች ነው። መብራት የሌለበት ቦታ ብዙ ነው። ከብት ይሻገራል። ሲኖትራክ ከፊት አቧራ ያስነሳል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መኪናው እየሄደ የሚነካ ነገር ሁሉ በጣት ተዳስሶ የሚታወቅ ቁልፍ ወይም ማዞሪያ ሊኖረው ይገባል። መኪናው ቆሞ የሚስተካከለው ነገር ስክሪን ላይ ቢሆን ችግር የለውም። መኪኖቹን የማወዳድረው በዚህ ነው።

## መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ዓይን ከመንገድ የሚነሳበት ጊዜ። ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ቁልፍ ጠርዝ አለው። ማዞሪያ ቅርጽ አለው፤ ሲዞርም ቀጭ ቀጭ ይላል። ማታ ቤት ስትገቡ የመብራት ማብሪያውን በጨለማ ዳስሳችሁ እንደምታገኙት ነው። ስክሪን ግን ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ መስታወት ነው። ጣታችሁ የት እንዳለ አይነግራችሁም። ስለዚህ ደጋግሞ ማየት ግድ ይላል፤ ቦታውን ለመፈለግ፣ ጣትን ለማሳረፍ፣ ትእዛዙ መግባቱን ለማረጋገጥ።

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ እይታ ከ2 ሰከንድ፣ ሥራው በጠቅላላ ደግሞ ከ12 ሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ 2 ሰከንድ ማለት 33 ሜትር ገደማ ነው። ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ በ33 ሜትር ውስጥ ምን ሊገባ እንደሚችል ታውቃላችሁ። ጭነት የያዘ አህያ፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ ከቅያስ ያለ ፍሬቻ የሚወጣ ባጃጅ።

ቪ ቢላጋሬ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን በተግባር ለክቶታል። አሥራ አንድ አዳዲስ መኪኖችንና ስክሪን የሌለውን እ.ኤ.አ. የ2005 ቮልቮ ቪ70 በአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር አስነዳ። ሾፌሮቹ መኪናውን አስቀድመው እንዲለማመዱ ተፈቅዶላቸዋል። የተሰጣቸው ሥራ የተለመደ ነው፤ ሙቀት መጨመር፣ የመስታወት እንፋሎት ማጥፊያ መክፈት፣ ሬዲዮ ጣቢያ መቀየር፣ የዳሽቦርዱን ብርሃን መቀነስና የመሳሰለው። አሮጌው ቮልቮ በ10 ሰከንድ ጨረሰ፤ 306 ሜትር ብቻ ተጉዞ። ኤምጂ ማርቭል አር ወደ 45 ሰከንድ ፈጀ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 1,372 ሜትር ሄዷል። ስክሪን ያላቸው ዳሲያ ሳንዴሮና ቮልቮ ሲ40 ግን ከ14 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሰዋል። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ስክሪን መኖሩ ብቻውን መኪናውን መጥፎ አያደርገውም። በደንብ የታሰበበት ስክሪን አለ፤ ያልታሰበበትም አለ። ስለዚህ መኪናውን በስክሪኑ ስፋት አትመዝኑት። ሥራው ስንት ንክኪ እንደሚፈጅ ቁጠሩ።

ኮረኮንቹ። ፒስታ መንገድ ላይ እጅ ይዘላል። ማዞሪያን ትጨብጡታላችሁ፤ መኪናው ሲነጥር እጃችሁ እዚያው ይቆያል። ስክሪን ላይ ግን የሚጨበጥ ነገር የለም። 22 ዲግሪ ልትሉ 27 ትነካላችሁ፤ ወይም ሌላ ገጽ ይከፈትና መመለሻውን ፍለጋ ትገባላችሁ። የአውሮፓና የቻይና አምራቾች ስክሪኑን የሚያስቡት ለልሙጥ አውራ ጎዳና ይመስለኛል። የቡራዩን የውስጥ ለውስጥ መንገድ አያውቁትም።

ጉም፣ ጨለማ፣ ፀሐይና አቧራ። ክረምት ላይ መስታወት ከውስጥ በእንፋሎት ሲሸፈን ያላችሁ ጊዜ አጭር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኤሲውን መክፈት (ብርድ ቢሆንም አየሩን የሚያደርቀው እሱ ነው)፣ ነፋሱን ወደ ፊት መስታወት ማዞር፣ የውስጡን አየር መልሶ ማዞሩን ትቶ የውጭ አየር ማስገባት። ይህ ሦስት እርምጃ ነው። ሦስቱም ስክሪን ውስጥ ከተደበቁ ሳታዩ የምትነዱበት ርቀት ይረዝማል።

ማታ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። የመንገድ መብራት በሌለበት ቦታ የደመቀ ስክሪን ዓይንን ያደክማል፤ ጨለማውን ለማየትም ያስቸግራል። ብርሃኑ ምሽት ላይ ራሱን የሚቀንስ መሆኑን እዩ። ፀሐይም አለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ሰንዳፋ ስትነዱ ፀሐይዋ ከኋላ ገብታ ስክሪኑን ትመታዋለች፤ ያን ጊዜ የጣት አሻራ እንጂ ጽሑፍ አይነበብም። በአቧራ በኩል ግን ለስክሪን አደላለሁ። በጨርቅ ይጠረጋል፣ ይጸዳል። የቁልፍ ስንጥቅ ውስጥ የገባ የበጋ አቧራ ቀስ በቀስ ቁልፉን ያደርቀዋል።

ቋንቋው። ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጣ መኪና ስክሪኑ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ። ግን አንዳንዱ ቅያሬ ግማሽ ነው፤ ዋናው ገጽ እንግሊዝኛ ሆኖ ውስጡ ቻይንኛ ይቀራል። የድምፅ ትእዛዙም የሚሰማው ቻይንኛ ነው። ካርታው የቻይና ነው። ቁልፍ ላይ ያለ የነፋስ ምልክት ግን የትም አገር አንድ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረም ይረዳዋል።

ጥገናው። አንድ ማዞሪያ ሲሰበር ያ ማዞሪያ ብቻ ነው የሚቆመው። ስክሪን ሲጠፋ ግን ኤሲው፣ የኋላ ካሜራው፣ ሬዲዮው፣ ሌላው ቅንብር ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ይህ ስጋት ብቻ አይደለም። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 135,000 የሚጠጉ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን ለጥገና የጠራው፣ የስክሪኑ ኮምፒውተር ውስጥ ያለች የማስታወሻ ቺፕ በአገልግሎት ብዛት ስለምታልቅ ነው። ስክሪኑ ሲጠፋ የኋላ ካሜራውና የመስታወት እንፋሎት ማጥፊያው ቅንብር አብሮ ይጠፋ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ የዕቃ ጉዳይ ይጨመርበታል። የቪትዝ ወይም የኮሮላ ማዞሪያ ሶማሌ ተራ ገብቶ ከፈረሰ መኪና ማግኘት ይቻላል። የአዳዲሶቹን ስክሪን ብዙ ጊዜ ከውጭ ማዘዝ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በኮድ የተሳሰረ ስለሆነ ከሌላ መኪና ነቅለው ቢገጥሙትም አይሠራም።

መኪናውን የሚጋራው ሰው። ባልና ሚስት በአንድ መኪና ይነዳሉ። እንግዳ ይጫናል። ከገጠር የመጡ አባት ከፊት ተቀምጠው «ልጄ፣ ይቺን ንፋስ አጥፊልኝ፣ ብርድ ገባኝ» ይላሉ። ባለ ቁልፍ መኪና ከሆነ አንድ ጊዜ አይተው ሁለተኛውን ራሳቸው ያጠፉታል። በስክሪን ከሆነ ሥራው የሾፌሩ ነው፤ ያውም እየነዳ።

## አራቱ ምርጫዎች

### 1. ሙሉ ቁልፍ

ቪትዝ፣ የቀድሞዎቹ ኮሮላዎች፣ ስክሪን ያልነበራቸው ሱዙኪ ዲዛየሮች እዚህ ይገባሉ። የቪትዝን የኤሲ መቆጣጠሪያ አስቡት። ሦስት ክብ ማዞሪያ ነው፤ አንዱ ለነፋስ ኃይል፣ አንዱ ለሙቀት፣ አንዱ ነፋሱ ለሚሄድበት አቅጣጫ። ሌላ የለም። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር የራይድ ሾፌር ስጠይቀው «ኋላ የተቀመጠ ሰው ሞቀኝ ሲለኝ ዓይኔን ከመንገድ ሳላነሳ እከፍትለታለሁ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው ይህን ሲል መስማት ይገባል።

ከመጀመሪያዎቹ አምስት መመዘኛዎች በአቧራው ብቻ ነው የሚሸነፈው። ግን አንድ ነገር አለ። የቁልፍ መኪና ነጂ ስክሪን የለውም ማለት አይቻልም። ስልኩ አለ። ካርታ ለማየት፣ ጥሪ ለመቀበል፣ የራይድ ትእዛዝ ለማየት ስልኩን ዳሽቦርድ ላይ ይሰቅላል። ያ ስልክ ከመኪና ስክሪን ያነሰ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ በፊደሉ ማነስ የበለጠ ዓይን የሚወስድ ነው። የኋላ ካሜራም የለውም። ልጆች በሚጫወቱበት የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ካሜራ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች የኋላ ካሜራ ግዴታ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዕድሜውም ይታሰብበት። እነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ብዙ ነድተዋል። የኤሲ ማዞሪያ ሲዞር ባዶውን የሚሽከረከር፣ የአቅጣጫ ኬብሉ የተበጠሰ መኪና ብዙ ነው። ርካሽ ጥገና ነው፤ ቢሆንም ዋጋ ስትደራደሩ አንሱት።

### 2. ቅይጥ፦ ስክሪን ከነቁልፉ

ለዳር ነዋሪ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስክሪኑ ለካሜራ፣ ለካርታ፣ ለቻርጅ መረጃ ያገለግላል። ነፋስ፣ ሙቀት፣ ድምፅ፣ ሃዛርድ (አራቱንም ፍሬቻ አብሮ የሚያበራው) ደግሞ የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ሀዩንዳይ ኮና ኤሌክትሪክ ለምሳሌ ለኤሲው የተለዩ ቁልፎች አሉት። ከትንንሾቹ ቢዋይዲ ዶልፊን ከስክሪኑ ሥር አንድ ረድፍ ማዞሪያና መጫኛ አለው። ሆኖም ሁሉን ነገር እዚያ አታገኙም፤ ሙቀቱን በዝርዝር ለማስተካከል ወደ ስክሪኑ መመለስ ያስፈልጋል። «ቁልፍ አለው» ሲባል የትኛው ቁልፍ ብላችሁ ጠይቁ።

ሰበታ የምትኖር አንዲት ባለመኪና ቅይጡን የመረጠችበትን ምክንያት በአጭሩ ነገረችኝ። «ጠዋት ልጆቹን ስጭን መስታወቱ ወዲያው ይታፈናል። አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፤ እሄዳለሁ።» አራት ሰው የሚተነፍስበት መኪና በክረምት ጠዋት እንዴት እንደሚታፈን ለምናውቅ፣ ይህች አንድ ቁልፍ ከስክሪኑ ስፋት ትበልጣለች።

### 3. ሙሉ ስክሪን

ቴስላ፣ የመጀመሪያዎቹ የቮልስዋገን አይዲ4ና አይዲ6 እዚህ ናቸው። ኋለኞቹ ሁለቱ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በብዛት ስለሚታዩ ትንሽ ዘርዘር ላድርግ።

አይዲ4 ላይ ድምፅና ሙቀት የሚስተካከለው ከስክሪኑ ሥር ባለ ተንሸራታች ንክኪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ላይ ይህ ቦታ መብራት አልነበረውም። ማታ አይታይም፤ በጣትም አይለይም። በሾፌሩ በር ላይ ለአራት መስኮት ሁለት ማንሻ ብቻ ነው ያለው። የኋላውን መስኮት ለመክፈት መጀመሪያ አንድ የንክኪ ምልክት መንካት ያስፈልጋል። አንድ መልካም ነገር አለው። የፊትና የኋላ መስታወት እንፋሎት ማጥፊያው ከመሪው በስተግራ፣ ከመብራት መቆጣጠሪያው ጋር ተቀምጧል። ንክኪ ቢሆንም ስክሪን ውስጥ አልተደበቀም። ብዙ ባለመኪኖች ይህን አያውቁም፤ ሁልጊዜ መሀል ላይ ይፈልጉታል። አይዲ4 ካላችሁ ዛሬውኑ ቦታውን ለጣታችሁ አስለምዱት።

ቮልስዋገን ራሱ ከዚህ መንገድ ተመልሷል። የዲዛይን ኃላፊው አንድሪያስ ሚንት እ.ኤ.አ. በ2025 ለድምፅ፣ ለግራና ለቀኝ ሙቀት፣ ለነፋስ ኃይልና ለሃዛርድ እውነተኛ ቁልፍ ከእንግዲህ በሚሠሩት መኪኖች ሁሉ እንደሚኖር ተናግሯል። የአውሮፓው የመኪና ደህንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕም እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ፣ ፍሬቻ፣ ሃዛርድ፣ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጥሪ በእውነተኛ ቁልፍ ላልተሠሩለት መኪና ሙሉ ነጥብ አይሰጥም። ወደ እኛ የሚመጡት ያገለገሉ መኪኖች ግን ከዚህ ለውጥ በፊት የተሠሩት ናቸው። አምራቹ የተወውን ነገር በሙሉ ዋጋ እንዳትገዙ ተጠንቀቁ።

በቴስላ በኩል አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። ጀርመን ውስጥ አንድ ሾፌር በዝናብ የመጥረጊያውን ፍጥነት በስክሪን ሲያስተካክል ከመንገድ ወጥቶ አደጋ ደረሰበት። የካርልስሩኸ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ስክሪኑን እንደ ማንኛውም ከመንዳት የሚያዘናጋ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ቆጥሮ፣ የ200 ዩሮ ቅጣትና የአንድ ወር የመንዳት እገዳውን አጸናበት። ዝናብ መጥረጊያ ዝናብ ሲዘንብ የሚነካ ነገር ነው። ከሁሉ ነገር ቀድሞ ቁልፍ የሚገባው ለእሱ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሙሉ ስክሪን ያላቸውን የሚወዱ ሰዎችም አነጋግሬያለሁ። አያት አካባቢ ያለ የአይዲ6 ባለቤት፣ አውቶማቲክ ኤሲውን 22 ላይ አድርጎ እንደማይነካው ነግሮኛል። «ለምን እነካዋለሁ? ራሱ ያስተካክላል» ይላል። ልክ ነው። የሚነዳው አስፋልት ላይ ነው፣ መኪናውን ብቻውን ነው የሚይዘው፣ ስክሪኑም በትክክል ወደ እንግሊዝኛ ተቀይሯል። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉላችሁ የእሱ ሐሳብ ለእናንተም ይሠራል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ችግሩ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ቁልፍ መስለው ቁልፍ ያልሆኑትንም ላንሳ። ጥቁር አንጸባራቂ ፕላስቲክ ላይ የተሳሉ ምልክቶች ናቸው። ሲታዩ ቁልፍ ይመስላሉ፤ ሲነኩ ግን አይወርዱም፣ አይሰሙም። እንደ ስክሪን ቁጠሯቸው። አንድን ቁልፍ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ካላገኛችሁት ቁልፍ አይደለም።

### 4. ነባር መኪና ላይ የተገጠመ አንድሮይድ ስክሪን

ብዙ ቪትዝና ኮሮላ ላይ የምናየው ነው። የድሮው ሬዲዮ ይወጣና ትልቅ ስክሪን ይገባል። ኤሲው ግን በማዞሪያው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ሳይታሰብ ቅይጥ መኪና ተፈጠረ ማለት ነው፤ ያውም በትንሽ ወጪ። ካሜራ ይጨመርለታል። ካርታው ከስልክ ወደ ትልቅ ስክሪን ይወጣል። በጀታቸው ውስን ለሆነ ሰዎች ሁሉ ደፍሬ የምመክረው ይህን ነው።

ጥንቃቄው ገጠማው ላይ ነው። ሽቦ እየቆረጠ የሚያገናኝ ሰው አታስገጥሙ። ለመኪናው ልክ የተዘጋጀ ሶኬት አለ፤ በእሱ ይገጠም። መኪናው ሲጠፋ ስክሪኑ አብሮ ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ በሌሊት ባትሪ ይጨርሳል። የድምፅ ማዞሪያ ያለውን ስክሪን ምረጡ። ጠርዙ ድረስ ልሙጥ የሆነው ያምራል፤ ግን ድምፅ ለመቀነስ እንኳ ዓይን ይጠይቃል። ዝቅተኛ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ያላቸው ርካሽ ስክሪኖች ካርታና ሙዚቃ አብረው ሲከፈቱ ይቆማሉ። ማርሹን ወደ ኋላ ስታስገቡ ካሜራው ወዲያው ካልመጣ አትቀበሉት።

## በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ሙሉ ቁልፍ | ቅይጥ | ሙሉ ስክሪን | ነባር መኪና ከአንድሮይድ ጋር |
|---|---|---|---|---|
| ዓይን ከመንገድ አለማንሳት | በጣም ጥሩ (ስልክ ካልተሰቀለ) | ጥሩ | ደካማ | ጥሩ |
| ኮረኮንች ላይ መንካት | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ደካማ | ለኤሲ ጥሩ፣ ለሬዲዮ መካከለኛ |
| የክረምት እንፋሎት | ፈጣን | ፈጣን፣ ቁልፉ ካለ | እንደ መኪናው ይለያያል | ፈጣን |
| የማታ ብርሃን | አይረብሽም | ካስተካከሉት አይረብሽም | ሊረብሽ ይችላል | ብዙ ጊዜ በእጅ መቀነስ ይፈልጋል |
| አቧራ | ቁልፍ ያደርቃል | መካከለኛ | ለማጽዳት ቀላል | መካከለኛ |
| ቋንቋ | ችግር የለም | በከፊል | ትልቅ ጉዳይ | ችግር የለም |
| ጥገናና ዕቃ | ቀላል | መካከለኛ | ከባድና ውድ | ቀላል |
| የኋላ ካሜራ | የለም | አለ | አለ | ይጨመራል |

## ለማን የትኛው?

በጀቱ ውስን፣ በየቀኑ ፒስታ የሚያቋርጥ ሰው፦ አራተኛው። ነባር ቪትዝ ወይም ኮሮላ፣ ኤሲው በትክክል የሚሠራ፣ ማዞሪያ ያለው አንድሮይድ ስክሪን ከካሜራ ጋር።

በራይድ የሚተዳደር፦ የነዳጅ ወጪው ወደ ኤሌክትሪክ ይገፋችኋል፤ ተገቢም ነው። ከትንንሾቹ ኤሌክትሪኮች መካከል ድምፅና ነፋስን በቁልፍ የሚቆጣጠረውን ፈልጉ። ከተሳፋሪ ጋር እያወሩ፣ ትእዛዝ እየተቀበሉ፣ በዚያ ላይ ስክሪን ውስጥ ኤሲ መፈለግ አይቻልም። የራይዱን ስልክ ከመሪው አጠገብ፣ ከዓይናችሁ ከፍታ ብዙ ሳይወርድ ስቀሉት።

ልጆች ያሉት ቤተሰብ፣ መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ በጀት፦ ቅይጡ። አንድ መኪና በስክሪኑ ስፋት፣ ሌላው በእንፋሎት ማጥፊያው ቁልፍ ከበለጠ፣ ያለማመንታት ሁለተኛውን ውሰዱ።

ሰፊ መኪና የሚፈልግና ዓይኑ አይዲ6 ላይ ያረፈ፦ ቦታው፣ ምቾቱ እውነት ነው። ግን የምትነዱት አስፋልት ላይ ከሆነ፣ አውቶማቲክ ኤሲ ከተስማማችሁና ቋንቋው በትክክል ከተቀየረ ብቻ። ተንሸራታቹ መብራት ያለው ከተገኘ እሱን አስቀድሙ።

በዕድሜ ለገፉ ወላጆች የሚገዛ፦ ሙሉ ቁልፍ። መከራከሪያ የለውም። አባታችሁ ሃያ ዓመት የነዱበት ልማድ ጣታቸው ላይ ነው ያለው።

ስክሪኑን ቀድሞ የገዛ፦ መኪናውን መሸጥ አያስፈልግም። ሙቀት፣ ካርታና ሙዚቃ ከግቢ ሳትወጡ አስተካክሉ። አውቶማቲክ ኤሲ ካለው ተጠቀሙበት። መሪው ላይ ያሉትን ቁልፎች ተማሩ፤ ድምፅና ጥሪ ብዙ ጊዜ እዚያ አለ። ዋናው ገጽ ላይ አቋራጭ ማስቀመጥ ከቻለ የእንፋሎት ማጥፊያውን መጀመሪያ አስቀምጡ። የግድ መንካት ካለባችሁ አውራ ጣታችሁን ከስክሪኑ ጠርዝ ሥር ደግፋችሁ በሌላው ጣት ንኩ፤ ኮረኮንች ላይ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። ከዚያ በላይ የሚፈጅ ከሆነ ዳር ያዙና አቁሙ።

## ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

መኪናውን ቆማችሁ አትፈትሹት። ሻጩን ኮብልስቶን ወይም ፒስታ ወዳለበት መንገድ እንዲወስዳችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ እሱ ይንዳ፤ እናንተ ከጎን ሆናችሁ ነፋስ ጨምሩ፣ ሙቀት ቀንሱ፣ እንፋሎት ማጥፊያውን ክፈቱ። ስንት ጊዜ እንደሳታችሁ እዩ። ከዚያ ቆማችሁ በሾፌሩ ወንበር ተቀመጡና ዓይን ጨፍናችሁ አራት ነገር ፈልጉ፤ ሃዛርድ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ የፊት መስታወት እንፋሎት ማጥፊያ፣ የድምፅ መቀነሻ።

ከተቻለ አመሻሽ ላይ ተመለሱና ብርሃኑን እዩ። ስክሪኑን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ለመነሳት የሚወስደውን ጊዜና ካሜራው መቼ እንደሚመጣ ተመልከቱ። ከጥግ እስከ ጥግ በጣታችሁ ጎትቱበት፤ የማይሰማ ቦታ ካለ ወይም ራሱን የሚነካ ከሆነ ዋጋ ማስቀነሻ ሳይሆን መተዊያ ምክንያት ነው።

ቋንቋው ተቀይሯል ከተባለ ከዋናው ገጽ አልፋችሁ የኤሲውን፣ የቻርጁንና የማስጠንቀቂያ መልእክቶቹን ገጽ ክፈቱ። ቻይንኛ የቀረበት ካለ ማን፣ መቼ፣ በማን ወጪ እንደሚያስተካክለው ውሉ ላይ ይጻፍ። ስክሪኑ ቢበላሽ የት እንደሚጠገንም ጠይቁ። መልሱ «አይበላሽም» ከሆነ ወደሚቀጥለው መኪና እለፉ።